ኮፈን በጉዞ ላይ ለምን ይከፈታል?

አሽከርካሪው ነዳጅ ማደያ ቆሞ የሞተር ዘይቱን ለክቷል፤ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ጨምሯል፤ ኮፈኑንም በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ ዘግቶ ጉዞውን ቀጥሏል። በከተማው ውስጥ ሲነዳ ምንም አልተሰማውም። ወደ ፍጥነት መንገዱ ገብቶ ነዳጅ ሲረግጥ ግን የኮፈኑ የፊት ጠርዝ በጣት ስፋት ያህል ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። «ነፋሱ ይሆናል» ብሎ አለፈው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ከፊቱ የነበረው መንገድ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ተሰማ፤ የፊት መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፤ ከመስታወቱ ባሻገር የሚታየውም የኮፈኑ የውስጥ ገጽ ብቻ ሆነ። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ስለነበር አሁን በእያንዳንዱ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል በጭፍን እየሄደ ነው።

ይህን መሰል አደጋ የገጠማቸው ሰዎች ሲናገሩ ዘወትር የሚያስቀድሙት «በድንገት» የሚለውን ቃል ነው። ከመሪው ጀርባ ለተቀመጠ ሰው በእርግጥም ድንገት ነው። የመኪናውን አሠራር መርምሮ ለሚያይ ግን ነገሩ ከዚያች ቅጽበት ቀደም ብሎ የተጀመረ ሆኖ ይገኛል። የዛሬ መኪና ኮፈኑን የሚይዝበት አንድ ሳይሆን ሁለት መንጠቆ አለው። ኮፈኑ ተገልብጦ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ሁለቱም ሥራቸውን ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። የመጀመሪያው ያልያዘው ምናልባት ከሃያ ደቂቃ በፊት፣ እዚያው ነዳጅ ማደያው ላይ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ከሥራ ውጭ ከሆነ ወራት፣ አልፎ ተርፎም ዓመታት ተቆጥረው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ያወቀ ሰው አልነበረም እንጂ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ኮፈን የምንለው የሞተር ክዳን ስያሜውን ያገኘው ከጣልያንኛው «ኮፋኖ» ነው፤ ሣጥን ማለት ነው። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ሞላና ቡሎን በመጡበት መንገድ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ተመልካቾቻችን «ሁድ»፣ በብሪታንያ ያሉት «ቦኔት»፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ደግሞ «ካቡት» ሲባል ይሰማሉ። በየትኛውም ስም ቢጠራ የአብዛኞቹ መኪናዎች ኮፈን ማጠፊያው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ መክፈቻው ከፊት ነው። አፉን ወደ ነፋስ አዙሮ እንደተቀመጠ ሣጥን ማለት ነው።

ሁለቱ መንጠቆዎች

ኮፈኑን ከፍተው የፊተኛውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ቢመለከቱ፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ወፍራም የብረት ዘንግ ያያሉ። ከእርሱ ትይዩ፣ ከራዲያተሩ በላይ ባለው ደጋፊ ብረት ላይ ደግሞ መቆለፊያው ተተክሏል። በመቆለፊያው ውስጥ እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያለው ተሽከርካሪ ብረት አለ። ኮፈኑ ሲወርድ ዘንጉ ሹካውን ይገፋዋል፤ ሹካው ዞሮ ዘንጉን በጣቶቹ መካከል ያቅፈዋል፤ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ደግሞ በሞላ ተገፍታ ከሹካው ጥርስ ሥር ትገባና ተመልሶ እንዳይዞር ትከለክለዋለች። ስንዘጋ የምንሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ የዚህች ምላስ ድምፅ ነው። በመሪው አካባቢ ያለውን ማንሻ ስንስብ፣ እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ በሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ሽቦ ምላሷን ከጥርሱ ያላቅቃታል፤ ኮፈኑም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብድግ ይላል።

ብድግ ይላል እንጂ አይከፈትም። እጃችንን በስንጥቁ አስገብተን በጣታችን የምንዳብሳት፣ መኪናው የሰው ሲሆን ደግሞ አልገኝ ብላ የምታስቸግረን ትንሽ ማንሻ አለች። ሁለተኛዋ መንጠቆ እርስዋ ናት። ብዙ ሰው ሥራ የምታስፈታ ትርፍ ነገር አድርጎ ይቆጥራታል። መሐንዲሶቹ ያስቀመጧት ግን ዋናው መቆለፊያ በጉዞ ላይ ቢላቀቅ ኮፈኑን ይዛ እንድታስቀር ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች ከውስጥ ባለው ማንሻ የማትላቀቀው፣ የግድ ከመኪናው ወርዶ በጣት መንካት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ በሚሮጥ መኪና ኮፈን ሥር ጣቱን የሚያስገባ ሰው የለምና።

አሜሪካ ይህን በሕግ ካስገደደች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1969 መጀመሪያ አንሥቶ የጸናው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 113፣ ከፊት በኩል የሚከፈትና ሲከፈት የአሽከርካሪውን እይታ በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ ኮፈን ሁሉ ሁለተኛ የመያዣ ደረጃ ወይም ራሱን የቻለ ሁለተኛ መቆለፊያ እንዲኖረው ያዛል። ደንቡ በጥቂት መስመሮች የተጻፈ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ መንጠቆዋ መኖሯን ያረጋግጣል እንጂ ከአሥር ክረምት በኋላ መንቀሳቀስ መቻሏን አይጠይቅም። ይህ የደንቡ ጥፋት ነው ለማለት አይደለም፤ ያን ማየት የባለመኪናውና የመካኒኩ ሥራ ሆኖ ቀርቷል፤ እነርሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያዩትም።

ነፋሱ እንዴት ያነሳዋል?

መኪናው ሲሮጥ ከፊቱ የሚገጥመው አየር ይከፈላል። ከፊሉ በራዲያተሩ ወንፊት በኩል ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል፤ ከፊሉ ወደ ላይ ወጥቶ በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ የፈሳሽ ፍጥነት በጨመረበት ስፍራ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየርም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ስለዚህ የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ከላይ የሳሳ ግፊት፣ ከሥር ደግሞ በወንፊቱ የገባው አየር ግፊት ያገኘዋል፤ ሁለቱ ተባብረው ወደ ላይ ያነሱታል። አየሩ ወደ መስታወቱ ሲቃረብ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱም መልሶ ይጨምራል። የመኪና የውስጥ አየር ማስገቢያ ከመስታወቱ ግርጌ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ነፋሱ ኮፈኑን በማጠፊያው በኩል ይጫነዋል፤ በመቆለፊያው በኩል ያነሳዋል። መቆለፊያው ባይኖር ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ይህ ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፊት ለፊት የሚገጥመው አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እንደ 12 ኪሎ ግራም ሸክም ይገፋል። በ100 ኪሎ ሜትር 47 ኪሎ ግራም ይሆናል። በ120 ወደ 68 ይወጣል፤ በአቡ ዳቢ አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች ላይ በሚፈቀደው 140 ደግሞ 92 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የአንድ መካከለኛ የቤት መኪና ኮፈን ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ክብደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ተዘግቶ ሳለ አየሩ በላዩ ስለሚንሸራተት ከዚህ ኃይል የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ጠርዙ ተነሥቶ አየሩ ከሥሩ ሲገባ ግን እንደ ጀልባ ሸራ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ኮፈኑ ተነሥቶ መስታወቱንና የጣሪያውን ጠርዝ እስኪመታ ድረስ፣ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

በከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የነዳ ሰው ኮፈኑ በአግባቡ እንዳልተዘጋ ሳይረዳ የሚቀረው ለዚህ ነው። በትራፊክ መብራቶች መካከል በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመላለስ መኪና ላይ ነፋሱ ኮፈኑን የማንሳት አቅም የለውም።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የነፋሱም ጉልበት በዚያው ልክ ይደክማል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና ወደ ወፍራም አየር ይገባል፤ መንገዱ ሜዳ እየሆነ ስለሚሄድ ፍጥነት ይጨምራል፤ በዚያም ላይ ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ ተሽከርካሪዎች ፊት ለፊት ይገጥሙታል። ትልቅ የጭነት መኪና ከፊቱ አየሩን እየገፋ፣ ከኋላው ደግሞ እያወከ ይጓዛል። በአጠገቡ ሲተላለፉ ግፊቱ በቅጽበት ከፍ ይልና ወዲያው ዝቅ ይላል። በደከመች መንጠቆ ብቻ ተይዞ የነበረ ኮፈን እንዲህ ያለ ምት ሲያገኘው ሊያመልጥ ይችላል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ባለ 18 ጎማ መኪናዎችን ስታልፉ መኪናችሁ ወደ ጎን የሚናጠው በዚሁ ምት ነው።

አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችውን ላዳ ታክሲ ያስታውስ ይሆናል። በፊያት 124 መነሻነት የተሠራችው የቀድሞዋ ላዳ ኮፈን ማጠፊያው ከፊት ነው፤ የሚከፈተው ከመስታወቱ በኩል ተነሥቶ ወደ ፊት ነው። ሾፌሩ ኮፈኑን ሳይቆልፍ ቢነዳ እንኳ ነፋሱ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። የቆዩ የሳብና አንዳንድ የቢኤምደብሊው ሞዴሎችም እንዲህ ነበሩ። ታዲያ ሌሎቹ አምራቾች ይህን ለምን አልተከተሉም? መካኒክ ሞተሩ ላይ የሚጎነበሰው ከፊት ሆኖ ነው፤ ወደ ፊት የተዘረጋ ኮፈን መቆሚያውን ይነሳዋል። ማጠፊያው ከፊት ሲሆን ደግሞ መጠነኛ የፊት ግጭት እንኳ ያጣምመዋል። ምቾትና ጥገና አሸነፉ፤ የነፋሱ ጉዳይ ለሁለተኛዋ መንጠቆ ተተወ።

ኮፈኑ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ብዙ አምራቾች በብረት ፈንታ አሉሚኒየም ይጠቀማሉ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ የመኪና ፊት እግረኛን ሲገጭ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲቀንስ ስላዘዘ፣ ኮፈኖች የሰው ጭንቅላት ሲያርፍባቸው እንዲሰረጉዱ ሆነው ይሠራሉ። እግረኛውን የሚያተርፈው ይኸው ልልነት በፍጥነት መንገድ ላይ ቀጭኑን ኮፈን ጥቂት ያርገበግበዋል። ስለዚህ የኮፈኑ መሐል ቢንቀጠቀጥ ሁልጊዜ አልተዘጋም ማለት አይደለም። ምልክቱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፦ የፊቱ ጠርዝ ከፓራፋንጎውና ከመብራቶቹ መስመር ከፍ ብሎ ከታየ፣ ወይም በአንድ በኩል ያለው ክፍተት ከሌላው ከሰፋ፣ ኮፈኑ በመቆለፊያው አልተያዘም።

መንጠቆዎቹ የሚከዱበት ምክንያት

ዋናው መቆለፊያ የሚከዳበት የተለመደው ምክንያት ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ኮፈኑ አልተዘጋም። ኮፈኑን በእርጋታ አስተኝቶ በአንድ ጥግ በኩል መጫን ሹካውን እስከ ጥርሱ ላያዞረው ይችላል። ላቫጆ የወሰድነው፣ ዘይት ያስቀየርነው፣ በሌላ መኪና ባትሪ ያስነሳነው መኪና ኮፈኑን የዘጋው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ እኛም «ዘግቶታል» ብለን እንነሳለን። የቤት ሰው በር መዝጋቱን ሳያይ የማይተኛ ሰው በኮፈኑ ላይ ይህን ያህል እምነት መጣሉ ይገርማል።

የተሳሳተ ማንሻ መሳብም አለ። በአንዳንድ መኪናዎች የኮፈኑ ማንሻ ከነዳጅ ታንኩ ክዳን ማንሻ ወይም ከእጅ ፍሬኑ መልቀቂያ አጠገብ ነው፤ መኪናውን ያልለመደ ሰው አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ይስባል። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ሲዝግ ደግሞ ከተሳበ በኋላ አይመለስም፤ ምላሷ እንደተላቀቀች ትቀራለች፤ ኮፈኑን የቱንም ያህል ቢጥሉት «ቀጭ» አይልም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ፊቱ ተመትቶ የተጠገነ መኪና ነው። በአሜሪካ ከጨረታ የሚገዙ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር የሚላኩ መኪናዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። ላሜራው ተቃንቶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። መቆለፊያው የተተከለበት ብረት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ግን ዘንጉ በሹካው መሐል አያርፍም፤ ዳር ዳሩን ይይዛል። ዋናው መቆለፊያ ዳር ዳሩን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለተኛዋ መንጠቆ ግን ከነጭራሹ ዘንጉን ላትደርስበት ትችላለች።

አሁን ወደ እርስዋ እንምጣ። ዋናው መቆለፊያ ቢበላሽ በየዕለቱ ስለምንጠቀምበት እናውቀዋለን። ሁለተኛዋ መንጠቆ ግን በመኪናው ዕድሜ ሁሉ አንድ ጊዜ ትፈለግ ይሆናል፤ ምናልባትም ጭራሽ አትፈለግም። ኮፈኑን ስንከፍት በጣታችን እንገፋታለን፤ ወደ ቦታዋ መመለሷን ግን አናይም። መመለስ ያለባት በአንዲት ቀጭን ሞላ ጉልበት ነው። የደረቀ ግሪስ፣ አቧራ ወይም ዝገት ያቺን ሞላ ካሸነፋት መንጠቆዋ እንደተገፋች ትቀራለች፤ ኮፈኑም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአንድ መቆለፊያ ብቻ ይሄዳል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኒሳን በአሜሪካ ከ2013 እስከ 2016 ሞዴል ያሉ ከ322,000 በላይ ፓዝፋይንደር መኪናዎችን ለጥገና የጠራው በሁለተኛዋ መንጠቆ ላይ የሚከማች አቧራና ቆሻሻ ክፍት አድርጎ ሊያስቀራት ስለሚችል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ የዚሁ ኩባንያ አልቲማ መኪናዎች በተመሳሳይ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠርተዋል፤ የመጨረሻው ጥሪ 1.8 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከት ነበር። በአልቲማ ላይ የታየው ችግር የመንጠቆዋ ሽፋን ቀለም እየተላጠ ብረቱ መዛጉና መንጠቆዋ መድረቋ ነው። በሁለቱም ጉዳይ ዋናው መቆለፊያ ጤነኛ ነበር። አምራቹ የሠጋው፣ ዋናው ሳይዘጋ ቀርቶ አሽከርካሪው ሲነሳ፣ ያኔ የምትይዘው መንጠቆ እንደማትኖር ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ከኮፈናቸው ሥር ሞተር ስለሌለ ብዙዎቹ ስፍራውን ዕቃ መጫኛ አድርገውታል፤ ስለዚህም ኮፈኑ በወር አንድ ጊዜ ሳይሆን ገበያ በተሄደ ቁጥር ይከፈታል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ 119,009 ሞዴል ኤስ መኪናዎችን የፊት ዕቃ መጫኛቸው መቆለፊያ ስለተዛነፈ ጠርቷል። በ2024 ሐምሌ ደግሞ 1.85 ሚሊዮን ያህል መኪናዎቹን የሚመለከት ጥሪ አወጣ። በዚህኛው የተገኘው ችግር ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ሳለ መኪናው ሳያውቅ መቅረቱ ነው፤ መፍትሔውም ከርቀት የተላከ ሶፍትዌር ሆነ። ሶፍትዌሩ ኮፈኑን አይዘጋም፤ ክፍት መሆኑን ለአሽከርካሪው ይነግራል እንጂ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እየበዛ ስለሆነ ጉዳዩ ለአገር ቤት አንባቢም ሩቅ አይደለም።

አማርኛ ተናጋሪው ተበትኖ የሚኖርባቸውን አገሮች ብናስብ፣ ለዚህች ትንሽ ሞላ የሚመች አየር ያለበት ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በሚኔሶታ፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በጎማ ተረጭቶ ወደ ኮፈኑ ሥር ይገባል፤ ብረት ይበላል። በሪያድና በኩዌት ደቃቅ አሸዋ ከግሪስ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። በአገር ቤት ደግሞ የኮረኮንች መንገድ አቧራ አለ። ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ባለበት አገር እንኳ መርማሪው ፍሬኑንና መብራቱን አይቶ ሁለተኛዋን መንጠቆ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ኮፈኑ ቢከፈት

በዚያች ቅጽበት እግር በራሱ ወደ ፍሬን ይሄዳል። በኃይል መርገጥ ግን ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጋብዛል፤ የራስንም መኪና ከመስመር ሊያስወጣ ይችላል። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ፤ መሪውን በሁለት እጅ ይዘው በነበረበት ያጽኑት፤ አራቱንም ፍሬቻዎች ያብሩ፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑን በዝግታ ይጫኑ። ፍጥነቱ ከ100 ወደ 70 ሲወርድ ነፋሱ ኮፈኑን የሚገፋበት ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

ስለ እይታ የሚታወቅ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ኮፈኑ ሲገለበጥ ማጠፊያው ባለበት በመስታወቱ ግርጌና በኮፈኑ መካከል ብዙውን ጊዜ ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ወንበርዎ ላይ ዝቅ ብለው በዳሽቦርዱ ደረጃ ቢመለከቱ ጥቂት መንገድ ሊታይዎት ይችላል። ካልታየ በጎን መስኮት በኩል የመስመሩን ቀለም እየተከተሉ፣ በስፖኪዮ ከኋላ ያለውን እያዩ ወደ መንገዱ ዳር ይውጡ። የደህንነት ቀበቶ ፈትቶ በመስኮት ወገብን ማውጣት አይገባም፤ ራስን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ይበቃል። መስታወቱ ቢሰነጠቅ ተሰባብሮ ፊትዎ ላይ ይፈስሳል ብለው አይስጉ፤ የፊት መስታወት በሁለት የመስታወት ንጣፍ መካከል በተጣበቀ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ በቀላሉ አይበተንም።

ከቆሙ በኋላ የሚመጣው ፈተና «ልዝጋውና ቀስ ብዬ ልሂድ» የሚለው ነው። ይህን ያህል የተገለበጠ ኮፈን ማጠፊያው ተጣምሟል፤ «ቀጭ» ብሎ ቢዘጋ እንኳ ዘንጉ በሹካው መሐል ማረፉን የሚያውቅ የለም። ጎታች መኪና በሚገኝበት አገር መጥራት ይሻላል። በማይገኝበት ስፍራ ኮፈኑ ላይ ባለው የብረት ዘንግ ጠንካራ ገመድ አሾልኮ ከመቆለፊያው ደጋፊ ብረት ጋር አጥብቆ በማሰር፣ ከፍጥነት መንገድ ወጥቶ በዝግታ እስከ ቅርቡ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ገመዱ ከሞተር ቺንጋና ከማራገቢያው የራቀ ይሁን። በገመድ የታሰረ ኮፈን ይዞ ለሳምንታት ሲሠራ የከረመ መኪና ብዙዎቻችን አይተናል፤ ያ ግን ጥገና አይደለም።

የሁለት ደቂቃ ፍተሻ

ፍተሻው ባለሙያ አይፈልግም። መኪናው ቆሞ ሳለ ከውስጥ ያለውን ማንሻ ይሳቡና ኮፈኑ ብድግ ሲል ሁለተኛዋን ማንሻ ሳይነኩ ጠርዙን ወደ ላይ ለመክፈት ይሞክሩ። መንጠቆዋ ጤነኛ ከሆነች ኮፈኑ እምቢ ይላል። ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ከፍተው መንጠቆዋን በጣትዎ ገፍተው ይልቀቋት፤ ፈጥና ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ቀስ ብላ ከተመለሰች ወይም ከነጭራሹ ከቆመች በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ ታጥባ አዲስ ግሪስ ያስፈልጋታል፤ ያ ካላነቃት መቆለፊያው መቀየር አለበት። ሲዘጉ ደግሞ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ። የብረት ኮፈንን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መልቀቅ የተለመደ ነው፤ ቀጭን የአሉሚኒየም ኮፈን ግን እንዳይሰረጉድ በሁለት መዳፍ ከመቆለፊያው በላይ መጫንን የሚመክሩ አምራቾች አሉ። በሁለቱም መንገድ ከተዘጋ በኋላ ጠርዙን በጣት ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ማየት ነው።

መኪናዎ ከጥሪ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ለማወቅ 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ይቻላል። በብሪታንያ በሰሌዳ ቁጥር የሚፈለግበት የመንግሥት ገጽ አለ፤ የሳዑዲ ዓረቢያ ንግድ ሚኒስቴርም እንዲሁ የራሱን ዝርዝር ያወጣል። በአሜሪካ የጥሪ ጥገና ለባለመኪናው ያለ ክፍያ ይሠራል፤ መኪናውን ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የገዛ ሰውም ይህ መብት አለው። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የገባ መኪና የሚነዳ ዘመድ ካለዎት ነጻ ጥገናውን እዚያ ላያገኝ ይችላል፤ ችግሩን ማወቅ ግን ይችላል። ቁጥሩ ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ በመስታወቱ ግርጌ ከውጭ ይነበባል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቢልክልዎ ፍለጋው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።